መርዶው ለሰኞ ይደር

ፒያኖው አቃሰተ።

ብፅዓት ዓይኗን ገለጠች፤ ሸራው ስር ግን የሚታይ ነገር አልነበረም። ኤንትሬው የጭነት መኪና የዴዴሳን ድልድይ ተሻግሮ ዳገቱን ተያይዞታል። ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በጠፍር የታሰረው ፒያኖ ከሆዱ ድምፅ ያወጣል። አንዳንዴ ወፍራሙ ክር ብቻውን ያጉረመርማል፤ አንዳንዴ ቀጫጭኖቹ ተሰብስበው ያለቅሳሉ። የመድረክ ልብስ የሞላበት ሣጥን ላይ ተጋድማ ስትሰማው ቆየች። ሰው እንዲህ ቢያለቅስ፣ አለች በልቧ፣ ምን ሆነህ ነው ተብሎ ይጠየቅ ነበር።

«ስሚው እስቲ» አለ ሚናስ ከጨለማው ውስጥ። ሚናስ ፒያኖ መቺው ነው፤ ከጣቶቹ በቀር የሰውነቱ ክፍል ሁሉ ሰነፍ ነው። «መንገዱ ከኔ የተሻለ ይጫወታል። ሙሴ ቢሰሙት እኔን አውርደው መንገዱን ይቀጥሩታል።»

«ዝም በል፣ ልተኛበት።»

«ከጊምቢ ጀምሮ ያልተኛሽው አሁን ይወስድሻል?»

ሚናስ አያውቅም። በዚህ መኪና ላይ ካሉት ሰዎች የሚያውቁት ሁለት ናቸው፤ አንዱ የቡድኑ ባለቤት ሙሴ ጋራቤድ፣ ሌላዋ እሷ።

ነገሩ የመጣው ጊምቢ ባረፉበት ቡና ቤት ጓሮ፣ በዚያው ቀን ጠዋት ነው። ልብስ ሰፊዋ ብፅዓት የጨፋሪዋን የነስሪንን የባሌ ዳንስ ጫማ ፀሐይ ላይ ልታሰጣ ስትወጣ፣ አንድ ዕድሜው የገፋ ሰው ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ አገኘችው። «አካም ቡልቴ፣ አዴ» አላት። ብፅዓት አባቷ ከሸዋ የመጣ ጸሐፊ ቢሆንም ነቀምቴ ባኬ ጃማ ስላደገች ኦሮምኛው አፏን የፈታችበት ያህል ነው። እንዴት አደርክ ብላ መለሰችለት። ሰውየው ኦቦ ነገራ ይባላል፤ የቡድኑ ዘፋኝ የዱረቲ አባት ታናሽ ወንድም ነው፤ ከዲጋ ነው የመጣው። የሚፈልገው ዱረቲን አልነበረም። እንዲያውም እንዳታየው ፈርቶ ከፍየሎቹ በረት ኋላ ተጠግቶ ነበር።

«የሚያሳድራትን ሰውዬ ጥሪልኝ» አለ።

ሙሴ ጋራቤድ በፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቦ ወጣ። ብፅዓት መሃል ቆማ አስተረጎመች። የዱረቲ አባት ነሐሴ ላይ አልፏል። ተቀብሯል፤ ለቅሶው ተነሥቷል። ልጅቱ በየከተማው ስትዞር የት እንዳለች ባለመታወቁ መርዶው ሳይነገራት ክረምቱ ወጣ። አሁን ግን ወደ አገሯ እየቀረበች ነው። መርዶ ደግሞ መንገድ ላይ ከማንም አፍ አይሰማም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ እህል በአፏ ሳይገባ፣ ግራና ቀኝ ሰው ይዟት ነው የሚነገራት። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ አብሯት ያለውን ሰው አማክር ብለው ላኩት። መቼ ይሁን? የት ይሁን?

ሙሴ ጋራቤድ ነጭ ጢሙን እየጎተተ ፍየሎቹን ሲያይ ቆየ። ለዚህ አገር ደንብ እንግዳ አይደለም። መርዶ ይቅር ማለት እንደማይቻል ያውቃል፤ ቀኑን መምረጥ ግን እንደሚቻል ያውቃል።

«እሑድ ነቀምቴ፣ ፊታውራሪ ፊት እንዘፍናለን በይው» አላት። «ዛሬ ከሰማች ሐዘን ትቀመጣለች። ከተቀመጠች እሑድ የለም። እሑድ ከሌለ እኔ የለሁም። መርዶው ለሰኞ ይደር። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሆቴሉ ድረስ ይምጡ። እኔ ራሴ በቀኝ በኩል እይዛታለሁ።»

«እኔ የለሁም» ያለውን ትታ ሌላውን ተረጎመች።

ኦቦ ነገራ መሬት መሬቱን አየ። «ገሪዳ» አለ በመጨረሻ፤ ደግ፣ ይሁን ማለቱ ነው። ከነሐሴ የቆየ ነገር ሰኞ ላይ ቢደርስ ማንን ይከሳል? ሊሄድ ከተራመደ በኋላ ግን ተመለሰና በኦሮምኛ ለብፅዓት ብቻ ተናገረ።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ እስከዚያ ከሌላ አፍ እንዳትሰማው። አደራ።»

ብፅዓት ይህን ስታስብ መኪናው በድንገት ቆመ፤ ፒያኖው አንዴ ጮሆ ዝም አለ። ከጋቢናው በኩል ጭቅጭቅ ተሰማ።

«ድምፅህ! አቧራ! ሲኞሪና፣ እዚህ ተቀመጥ!» ሙሴ ጋራቤድ ነው። ሲደነግጥ ወንድና ሴት ይደባለቅበታል፤ የለመዱት አይስቁም።

«ድምፄ አገሩን ያውቃል፤ ምንም አይሆንም» አለች ዱረቲ። ሸራው ተገለጠ፤ ብርሃንና ቀይ አቧራ ባንድነት ገቡ፤ ከኋላቸው እሷ ራሷ ተንጠላጥላ ወጣች። ፀጉሯን በሐር ሻሽ ሸፍናለች፤ ጥቁር መነጽሯን አውልቃ ጡቷ ስር ሸጎጠችው። «እትዬ ብፅዓት፣ ሸራውን አሥሪልኝ፤ ክፍት ይሁን። ዲጋ ልንገባ ነው። ጋቢና ውስጥ ሆኜ ማን ያየኛል?»

«ሰኞ እንመለስበታለን ብለውሽ የለም ሙሴ?»

«ሰኞ እወርዳለሁ። ዛሬ ልታይ።»

ብፅዓት ሸራውን ከማሰር በቀር ያላት ምርጫ አልነበረም። ቋጠሮው ሁለቴ ተፈታባት። ሚናስ «ገመዱ ነው ወይስ አንቺ ነሽ እንቢ ያልሽው?» ብሎ ቀለደ፤ ማንም አልሳቀለትም።

ዲጋ ገበያ ነበር። የበርበሬ ጆንያ፣ የማር ቅል፣ የታሰሩ ዶሮዎች፤ ሰዉ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሞልቷል። ዱረቲ የመኪናውን አጥር በአንድ እጇ ይዛ ቆማ በሌላው ታውለበልባለች። «አካም ጅርቱ!» ትላለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ ያ በየከተማው አዳራሽ ያጨናነቀ ድምፅ በገበያው ላይ እንደ ደወል ሄደ። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ቀና አሉ። አወቋት። መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው ባርኔጣውን አወለቀ። በርበሬ የምትሰፍር ሴት ጣሳዋን እንደያዘች ቀረች። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። ያ ሁሉ ገበያ ቀስ በቀስ ዝም አለ፤ የሚሰማው የመኪናው ሞተርና የፒያኖው ክር ብቻ ሆነ።

«አዳዳ! አዳዳ ሶረቲ!»

ከጨው ቤቱ ደጃፍ የቆመችው ቀጭን አሮጊት የአባቷ እህት ናት። ዱረቲ በሁለት እጇ ጠራቻት። አሮጊቷ አየቻት፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሾፌሩ ተረፈ ከሙሴ ትእዛዝ ተሰጥቶት ኖሮ ነዳጁን ረገጠ፤ አቧራው ዲጋን ዋጠው።

ዱረቲ እጇ አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብላ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠች።

«አላወቁኝም?» አለች።

«አቧራው ነው» አለች ብፅዓት። «አላዩሽም።»

«ባርኔጣ አወለቁ እኮ።»

«እንደ ትልቅ ሰው አይተውሽ ነዋ። አክብረውሽ።»

ዱረቲ ፈገግ አለች፤ ያ ፈገግታ ብፅዓትን ከጩቤ በላይ ወጋት። «አክብረውኝ» አለች ልጅቱ ለራሷ። «አባባ ይህን ቢያይ! ቤቱ ከገበያው ኋላ ባይሆን ኖሮ ያይ ነበር።»

*

ነቀምቴ ሲደርሱ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። በከተማው ዋና መንገድ ላይ ካሉት ሱቆች ግድግዳ ላይ ሙሴ ጋራቤድ አስቀድሞ ያስለጠፈው ማስታወቂያ ይታያል። «ኦፔራና ባሌ፤ የወለጋዋ ኮከብ ዱረቲ፤ በክቡር ፊታውራሪ ወልደዮሐንስ ፊት።» ሙሴ ከጋቢናው ወርዶ አንዱን ማስታወቂያ በመዳፉ አስተካከለው። ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ራሱን ዘንበል አድርጎ አየው።

ይህ አርመን ከሐለብ ከተማ ወጥቶ በጅቡቲ ባቡር ሲገባ የያዘው አንድ የልብስ ሣጥን ነበር ይባላል። በደህናው ዘመን ከሚላኖ ዘፋኝ፣ ከአቴና በጣታቸው ጫፍ የሚቆሙ ቆነጃጅት ያስመጣ፣ በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና በአስመራ መኳንንቱንና ቆንስሎቹን አንድ ረድፍ ላይ ያስቀመጠ እሱ ነው። መጋረጃው ሲከፈት ሁልጊዜ ከጎን ቆሞ እጁን ደረቱ ላይ ያደርግ ነበር። ከዚያ መኳንንቱ ሲኒማ ወደዱ። አዳራሹን ሌላ ሰው ተከራየው። ዘፋኞቹ አንድ በአንድ በመርከብ ተመለሱ፤ ቆነጃጅቱ ባል አገኙ። የቀረችው የድሬዳዋዋ ነስሪን ናት፤ እሷም ጉልበቷን እያመማት ነው። ሁሉም አለቀ ሲባል፣ ለዕቃ ግዥ ነቀምቴ መጥቶ ሚሲዮን ቤት ደጃፍ ሲያልፍ ከመዘምራኑ መሃል አንድ ድምፅ ሰማ። አባቷን ዲጋ ድረስ ሄዶ ለመነ። አባትየው ብዙ ካሰበ በኋላ «ድምፅ እንደ ውሃ ነው፤ ብይዘው የት ይሄዳል?» አለ አሉ፤ መረቃትና ላካት።

ሙሴ ጋራቤድ አሁን የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። የራሱ መጋረጃ የሚሰቀልበት የራሱ ቤት። ፊታውራሪው ባለፈው ዓመት ቃል ሰጥተውታል። «የነቀምቴ ሰው ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው መስማቱን በዓይኔ ካየሁ፣ ቦታውን ከነእንጨቱ እሰጥሃለሁ» ብለውታል። ሙሴ ይህን ቃል ይዞ ነው በወለጋ ከተሞች ሁሉ የዞረው፤ ደምቢ ዶሎ፣ ጊምቢ፣ አሁን ነቀምቴ። ዕድሜው ሌላ ዙር አይፈቅድለትም።

በዚያው ማታ ገና መብራት ሳይበራ፣ ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሲለማመዱ ሙሴ ፕሮግራሙን ለወጠ።

«የለቅሶው ዘፈን ወጥቷል» አለ። «በእሱ ቦታ የሳቁ ይገባል።»

ሚናስ ጣቶቹን ከፒያኖው አነሣ። ዱረቲ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት ነው። የለቅሶው ዘፈን የእሷ ትልቁ ዘፈን ነው። ሙሴ ራሱ ከሦስት ኦፔራ ቆራርጦ በሰፋው «የንጉሥ ልጅ» በሚለው ጨዋታ ውስጥ፣ ልጅቱ ያባቷ ሬሳ ላይ ተደፍታ የምትለው ነው። ጣልያንኛውን የማይሰማ ሰው ሁሉ በዚያ ዘፈን ዝም ይላል። የሳቁ ዘፈን ግን በገበታ ላይ የሰከረች እመቤት ናት፤ «ሃ ሃ ሃ» እያለች በድምፅ ደረጃ የምትወጣና የምትወርድ።

«ፊታውራሪ ፊት ልሳቅ? ለምን?» አለች።

«ዝናብ ይመጣል። ቆርቆሮ ነው። ለቅሶ ቀጭን ነው፤ አይሰማም። ሳቅ ይሰማል።»

«ጊምቢም ቆርቆሮ ነበር።»

«ሲኞሪና፣ አልኩህ! ጨርሻለሁ!»

ዱረቲ ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ሚናስ ዞረች። ብፅዓት ግን ሙሴን ተከትላ የአዳራሹ ጓሮ ወጣች። ሽማግሌው ከቆርቆሮ አጥሩ ጋር ግንባሩን አስደግፎ አገኘችው።

«ለምን ለወጡት?» አለችው። «ነገሩን ሁሉ እንዳለ ይተዉት እንጂ፤ ትጠረጥራለች።»

«አባቷ ሞቶ፣ ስለ ሞተ አባት ላዘፍናት?» ሙሴ ዞረ፤ ዓይኑ ቀልቷል። «እኔ አውሬ ነኝ፣ ብፅዓት?»

«እንግዲያው ይንገሯት። ዛሬ። ኦቦ ነገራ ይጠራ፤ ዲጋ ቅርብ ናት።»

«ሰኞ።»

«ሙሴ...»

«እኔን ማን ነገረኝ?» አላት፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እናቴ፣ አባቴ፣ እህቶቼ በረሃ ውስጥ ሲያልቁ። ጎህ ሲቀድ ማን መጣ? በግራ ማን ያዘኝ? በቀኝ ማን? በዚያ ዓመት ሐለብ ሰርከስ ውስጥ እየተገለበጥኩ ሰው አስቅ ነበር። የሰማሁት ቆይቶ ነው፤ ሱቅ ውስጥ፣ ስኳር ስገዛ። ይኸው አለሁ፤ አልሞትኩም። እሷ ሰው አላት። አንድ ቀን ብትቆይ ምን ትሆናለች?»

ብፅዓት በኋላ፣ ዕድሜዋን ሙሉ፣ ያን ጊዜ ምን ማለት እንደነበረባት ስታስብ መልሱ ይጠፋባት ነበር።

ሆቴል ስትመለስ ዱረቲ አልጋው ላይ አንድ የወንድ ካፖርት ዘርግታ ጠበቀቻት። ግራጫ የሱፍ ካፖርት ነው፤ ከአዲስ አበባ ገዝታ በየከተማው ስታንከራትተው የከረመችው።

«እትዬ፣ እጅጌውን አሳጥሪልኝ። የአባባ ክንድ አጭር ነው። ይህን ያህል» አለች፤ በገዛ ክንዷ ላይ በጣቷ እየለካች። «ሰኞ ራሴ አለብሰዋለሁ። ብርድ አይችልም፤ ታውቂያለሽ? ጥቅምትን ሁሉ እሳት ላይ ነው የሚያሳልፈው።»

ብፅዓት ሲንጀር መኪናዋን አወጣች። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት ብዙ ታገለች። ከዚያ ሰፋች። ዱረቲ አጠገቧ ተቀምጣ ስለ አባቷ ታወራለች፤ በቅሎው ከእሱ በቀር ለማንም ስለማትታዘዝ፣ ጥርሱን ሲያመው ስለሚቆጣው ቁጣ፤ ብፅዓት ደግሞ የሞተ ሰው እጅጌ ታጥፋለች። አንድ ጊዜ መርፌው ጣቷን ወጋት። ደሙ ሱፉ ላይ እንዳይታይ በአፏ መጠጠችው።

*

እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ፊታውራሪ ወልደዮሐንስ ጥቁር ካባቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ከፊት ተቀመጡ። በቀኛቸው ቀኛዝማች ጉደታ፣ በግራቸው ሁለት ቄሶች። ከኋላ የጉራጌ ነጋዴዎች ከነሚስቶቻቸው፣ አስተማሪዎች፣ ወታደሮች፤ ከዚያ በአግዳሚው ቦታ ያልተረፈለት ሕዝብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ዝናቡ እንደተባለው መጣ፤ ቆርቆሮውን መታው።

ብፅዓት በመጋረጃው ቀዳዳ እያየች ሳለ በሩ በኩል ግርግር ተነሣ። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ለመድረስ በዋዜማው የገቡት የዲጋ ሰዎች ናቸው። ኦቦ ነገራ ከፊት ነው፤ ወደ ከተማ ገብተው የሚያድሩበት አጥተው፣ ከዝናቡ ሸሽተው ደጃፉ ላይ ቆመው ኖሯል። በረኛው ሲገፋቸው አንዱ «የልጅቱ ዘመዶች ናቸው» አለ።

ፊታውራሪው ሰሙ። «የማን? የዘፋኟ?» ከዘራቸውን አነሡ። «ታዲያ ደጅ ያቆማቸው ማነው? ወደ ፊት! እዚህ፣ አጠገቤ ይቀመጡ!»

ኦቦ ነገራ እጅ እየነሣ «አይ ጌታዬ፣ እኛ እዚሁ፣ ደጅ ይበቃናል» አለ። «ወደ ፊት ብያለሁ!» አሉ ፊታውራሪው፤ ደግነታቸው እንደ ትእዛዝ ነው። የዲጋ ሰዎች እየተገፉ መጡ። ከመድረኩ ስር፣ መብራቱ በሚወድቅበት ቦታ፣ አዳዳ ሶረቲ ተቀመጠች። ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። ጥለቱ አንገቷ ስር፣ ለሁሉ ይታያል።

ብፅዓት ሙሴን በክርኑ ጎተተችው። ሙሴ በቀዳዳው አየ። እጁ ከደረቱ ወረደ።

«ሂጂ» አላት። «ነጠላውን ታዙር በያት። እስክትጨርስ ብቻ።»

ብፅዓት በጎን ደረጃ ወርዳ አሮጊቷ እግር ስር ተንበረከከች። «አዳዳ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርጊው። አንድ ሰዓት ብቻ። ታይሻለች።»

ሶረቲ ቁልቁል አየቻት። «ወንድሜ ነው» አለች። «ለማን ብዬ ነው የማዞረው? ለዚህ ዳንኪራ?»

«ለእሷ ብለሽ።»

አሮጊቷ ኦቦ ነገራ የሰጣትን ጋቢ ከላይ ደረበች፤ ጥለቱ ተሸፈነ። ብፅዓት እጇን ስማ ተመለሰች። መጋረጃው ተከፈተ።

ነስሪን አስቀድማ ጨፈረች፤ ሰዉ «ጣቷን አያማትም?» እያለ በመገረም ተመለከታት። ቀጥሎ ዱረቲ ወጣች። ብፅዓት ሌሊቱን ያጠበበችው ቀይ የከፈይ ቀሚስ ነው የለበሰችው፤ በእጇ ባዶ ብርጭቆ ይዛለች። ሚናስ ጀመረ። እሷም ሳቀች።

ድምፁ ዝናቡን በጥሶ ወጣ። ሙሴ ልክ ነበረ፤ ሳቅ ይሰማል። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሚስጥር፤ ከዚያ አንድ ደረጃ፣ ሌላ ደረጃ፣ ሃ ሃ ሃ እያለ ሽቅብ ይሮጣል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ተንከባሎ ይወርዳል። ፊታውራሪው ገና በመጀመሪያው ፈነዱ። ከዘራቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ «በላት! እንዲህ ነች!» አሉ። ሌላ የሳቀ ግን አልነበረም።

መጀመሪያ ያለቀሰችው ግድግዳውን ተደግፋ የቆመች አንዲት ሴት ናት። የዲጋ ሰዎች ሲገቡ ወሬው በአዳራሹ ከጆሮ ወደ ጆሮ ሄዷል፤ አባቷ የሞተባት ልጅ መሆኗን፣ ያልተነገራት መሆኗን። የሞተባት ልጅ ሳታውቅ ፊታቸው ትስቃለች። ሴትየዋ መቻል አቃታት። ቀጥሎ ሌላዋ። የነጋዴዎቹ ሚስቶች ዓይናቸውን ጠረጉ። ዱረቲ ከፍ ብላ በሳቀች ቁጥር ለቅሶው አብሯት ከፍ ይላል። ቀኛዝማች ጉደታ አንገታቸውን ደፉ። ፊታውራሪው ብቻ ግራና ቀኝ እያዩ «ምን ሆኑ እነዚህ? ሳቅ አይደለም እንዴ?» ይላሉ።

ብፅዓት ከጎን ሆና የዱረቲን ፊት ታያለች። ልጅቱ መጀመሪያ ግራ ገባት፤ ተሳሳትኩ ይሆን ብላ ወደ ሚናስ አየች፤ ሚናስም ትከሻውን ሰበቀ። ከዚያ ወደ ፊት ረድፍ አየች። ኦቦ ነገራን አየችው፤ ከዲጋ ለምን መጣ? ከጎኑ አዳዳ ሶረቲ። አሮጊቷ እንባዋን ልትጠርግ እጇን ስታነሣ ጋቢው ከትከሻዋ ተንሸራተተ።

ጥለቱ።

የዱረቲ ዓይን እዚያ ላይ ቆመ። ብፅዓት ትወድቃለች ብላ አንድ እግሯን ወደ መድረኩ አራመደች። አልወደቀችም። ዘፈኑ አላለቀም ነበር፤ ረጅሙ ሳቅ፣ ከሁሉ ከፍ የሚለው፣ ገና ቀርቷል። ዱረቲ ዓይኗን ከአክስቷ አንገት ሳትነቅል ሳቀችው። አንድም ደረጃ አልዘለለችም። ሙሴ ባስተማራት መሠረት ጫፉ ላይ ቆየች፤ ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ እስከ መጨረሻው ትንሽ ሳቅ ድረስ ወረደች። ብርጭቆውን ፒያኖው ላይ በቀስታ አስቀመጠች። እጅ ነሣች።

መጋረጃው ተዘጋ። ከወዲያ በኩል የፊታውራሪው ጭብጨባ ብቻውን ሲንጣጣ ይሰማ ነበር፤ ከዚያ ሌሎቹም፣ እሳቸውን ፈርተው፣ አጨበጨቡ።

ሙሴ ጋራቤድ እጁን ዘርግቶ ወደ እሷ ተራመደ። «ዱረቲ» አላት፤ ሲኞሪና አላለም። «ዱረቲ፣ ስሚኝ...»

በአጠገቡ አለፈች። ልብስ ወደምትቀይርበት ጥግ ሄዳ ቀይ ቀሚሱን አወለቀች፤ መንጠቆዎቹን ራሷ ፈታቻቸው፤ ብፅዓት ልታግዛት ስትደርስ አልገፋቻትም፣ አላየቻትምም። ነጭ ቀሚሷን ለበሰች። ነጠላዋን ከችንካሩ አነሣች፤ ዘረጋችው፤ አገላበጠችው፤ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ አንገቷ ስር ጠመጠመችው። ብፅዓት ስድብ ጠበቀች። አንድ ቃል፣ «አንቺም?» የምትል እንኳ ብትሆን። አልመጣም።

በዚህ መሃል ፊታውራሪ ወልደዮሐንስ በጎን ደረጃ እያለከለኩ ወጡ። ፊታቸው ያበራል።

«ሙሴ! እንዲህ ነው እንጂ! ሳቅ ሰምቶ የሚያለቅስ ሕዝብ አይተህ ታውቃለህ? እኔ አላየሁም። ልባቸው ገባ ማለት ነው! ቦታው ያንተ ነው። እንጨቱም፣ ድንጋዩም። ለመጀመሪያው ቀን እሷን አዘፍንልኝ፤ ሌላ አልፈልግም፤ እሷን!»

ሙሴ ጋራቤድ እጅ ለመንሣት ጎንበስ አለ፤ ቀና ማለት ግን አቃተው፤ እንደጎበጠ ቀረ። ዱረቲ በሁለቱ መሃል አለፈች። ለፊታውራሪው አልሰገደችም። ፊታውራሪው መንገድ ለመልቀቅ ወደ ኋላ አሉ፤ በሕይወታቸው ለማን መንገድ ለቀው እንደሚያውቁ እንጃ።

«ወዴት ነው? ሁለተኛው ክፍል የለም እንዴ?»

ብፅዓት ድንገት ዝናቡን አስታወሰች። ግራጫውን ካፖርት ከችንካሩ ነጥቃ ሮጠች፤ በኋላ በር ላይ ደረሰችባት። ምንም ሳትል ዘረጋችላት። ዱረቲ ቆመች። ካፖርቱን ሳይሆን እጅጌዎቹን አየች፤ ትላንት ማታ አጠገቧ ተቀምጣ ሲታጠፉ ያየቻቸውን፣ በደንብ የተሰፉ፣ አጭር እጅጌዎች። ከዚያ ቀና ብላ ብፅዓትን አየች፤ ካፖርቱን ሳትቀበል ወጣች።

ደጁ ላይ አዳዳ ሶረቲና ኦቦ ነገራ ዝናብ እየመታቸው ቆመዋል። አሮጊቷ በግራ ያዘቻት። ኦቦ ነገራ በቀኝ።

«ምን ሆነች ሙሴ?» አሉ ፊታውራሪው ከውስጥ። «ተመልሳ አትመጣም?»

ከመጋረጃው ወዲያ ሰዉ ሁለተኛውን ክፍል ይጠብቃል። ሦስቱ ሰዎች የዲጋን መንገድ ይዘው፣ ሳይነጋገሩ፣ ወደ ታች ወረዱ።